ማደንዘዣ ውስጥ ያለ ሰው ሕመሙ በምን ይታወቃል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ሐሞት ከረጢቷ ውስጥ ጠጠር ተገኝቶ በሚቀጥለው ወር አዲስ አበባ በአንድ የግል ሆስፒታል ኦፕራሲዮን ልትሆን ነው። በካሜራ ነው የሚሠራላት ተብለናል። ደም ግፊት ስላለባት አቴኖሎልና ኢናላፕሪል ትወስዳለች። ሜሪላንድ ያለችው እኅቴ ነርስ ናት። በሽተኛው ተኝቶ እያለ ሕመሙን ከጣቱ ላይ የሚለካ ማሽን እንዳለ ነገረችን። «እሱ ከሌለ ማስታገሻውን በግምት ነው የሚሰጧት» ስትል እናቴ ደነገጠች። «እየቆረጡኝ እየተሰማኝ መናገር ቢያቅተኝስ?» እያለች እንቅልፍ አጥታለች። ማሽኑ ያለበት ሆስፒታል እንፈልግ? (ሰ. ከአዳማ)

መልስ፦ ለእናትዎ «አይዞዎት» ይበሉልኝ። እኅትዎ እንዲህ ያለ ማሽን አለ ማለታቸው ልክ ነው። «ከሌለ በግምት ነው» ባሉት ግን አልስማማም። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ሙሉ ማደንዘዣ አንድ መድኃኒት አይደለም። ሦስት ሥራ አለው። አንዱ መድኃኒት ያስተኛል፣ ሌላው ሕመምን ያፍናል፣ ሦስተኛው ጡንቻን ያላላል። እናትዎ የፈሩት ጡንቻው ላልቶ እንቅልፉ ሳይበቃ ሲቀር የሚመጣውን ነው። አልዋሽዎትም፣ ይህ ያጋጥማል። ግን በጣም አልፎ አልፎ ነው። በብሪታንያና በአየርላንድ ተሠርቶ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ትልቅ ጥናት፣ በሽተኞች ራሳቸው የተናገሩትን ቆጥሮ፣ ከ19,000 ሙሉ ማደንዘዣ አንድ ያህል አግኝቷል። በሙሉ ማደንዘዣ በሚሠራ ሲዘሪያን ላይ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ከ670 አንድ ገደማ ነው። ለሐሞት ከረጢት ኦፕራሲዮን ግን ያ ተጨማሪ ስጋት የለም፤ ለሕፃን ብለን ማስተኛውን መድኃኒት የምንሰስትበት ምክንያት የለንምና።

ደግሞ ይህ ፍርሃት እኅትዎ ካሉት ማሽን ጋር ብዙም አይገናኝም። እንቅልፉ መጥለቁን የምናየው በሌላ መንገድ ነው። በሽተኛው ከሚያስወጣው ትንፋሽ ውስጥ የማደንዘዣው ጋዝ ስንት በመቶ እንደሆነ ሞኒተሩ ያሳያል። አንዳንድ ቦታ ግንባር ላይ ተለጥፎ የአንጎልን ሞገድ የሚያነብ ቢስ የሚባል መሣሪያም አለ። እሱ ከ40 እስከ 60 ሲያሳይ በሽተኛው ጥሩ ተኝቷል እንላለን።

እኅትዎ ያነሱት ሌላ ነገር ነው። በሽተኛው ድብን ብሎ ተኝቶም ቢሆን ሰውነቱ ቢላውን ያውቀዋል። «አመመኝ» የሚለው የአንጎል ክፍል ተኝቷል። ከቆዳና ከሆድ ዕቃ የሚነሳው መልእክት ግን በነርቭ በኩል ወደ አከርካሪ ገመድ፣ ከዚያም ወደ አንጎል ግንድ መሄዱን አያቆምም። ባለቤቱ ቢተኛም ዘበኛው ነቅቷል እንደማለት ነው። ልብ ይፈጥናል፣ ግፊት ይወጣል፣ ላብና እንባ ይመጣል፣ የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ እንደ አድሬናሊንና ኮርቲሶል ያሉ ሆርሞኖች ይረጫሉ። በሽተኛው ሲነቃ ይህን አንዱንም አያስታውስም። ልቡ ግን ዋጋውን ከፍሏል። አከርካሪ ገመዱም ስለሚቆጣ ከነቃ በኋላ ሕመሙ ሊብስ ይችላል። ማስታገሻውን ተኝቶም እያለ የምንሰጠው ለዚህ ነው።

ይህን ለመቀበል ሕክምናው ራሱ ስንት ዘመን እንደፈጀበት ሳስብ ይገርመኛል። እስከ 1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ ብዙ ቦታ አራስ ሕፃናት ያለ በቂ ማስታገሻ ኦፕራሲዮን ይደረጉ ነበር። ሕመም አይሰማቸውም ይባል ነበራ! በ1987 አናንድ የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው እንግሊዝ አገር ኦክስፎርድ ውስጥ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን አጠኑ። ፌንታኒል የሚባል ጠንካራ ማስታገሻ የተሰጣቸው ሕፃናት የጭንቀት ሆርሞናቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ ከኦፕራሲዮን በኋላ የገጠማቸው ችግርም ያነሰ ነበር። መናገር የማይችልን ሰው ሕመም ከሰውነቱ ማንበብ ይቻላል ማለት ነው።

እኛስ በምን እናነባለን? የእናትዎን ኦፕራሲዮን ልውሰድ። ከሁሉ የሚያስቆጣው ቢላው ሳይሆን መጀመሪያ ላይ ቱቦ ወደ መተንፈሻ ቧንቧ የሚገባበት ቅጽበት ነው። ፌንታኒል ኃይሉ የሚወጣው ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ባለው ጊዜ ስለሆነ ቀደም ብለን እንሰጣለን። ቱቦው ሲገባ ዓይናችን ሞኒተሩ ላይ ነው። 70 የነበረው የልብ ምት ወደ 110 ካሻቀበ የሰጠነው አልበቃም፣ ወይም ቸኩለናል። ቱቦው ገብቶ ተሰክቶ ቁጥሩ ካልተነቃነቀ በልካችን ሰጥተናል። ከዚያ ቆዳ ሲቀደድ እንደገና እናያለን።

ቀጥሎ ሆድ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋል፤ ካሜራው እንዲያይ ቦታ ያስፈልጋላ። ይሄኔ ግፊት ብድግ ይላል። ይህ ግን ሕመም ብቻ አይደለም። ጋዙ ራሱ የደም ሥሮችን ይጫናል፣ ወደ ደምም ይገባል። እዚህ ላይ «ግፊት ወጣ» ብሎ ዝም ብሎ ፌንታኒል የሚጨምር ሰው መጨረሻ ላይ ቶሎ የማይነቃ በሽተኛ ያገኛል። ልብ የሚፈጥነው ደም ሲፈስም፣ ትንፋሽ ሲያጥርም፣ እንቅልፉ ሲቀልም፣ አትሮፒን የሚባለው ልብ የሚያፈጥን መድኃኒት ሲሰጥም ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ አናይም። ቀዶ ሐኪሙ አሁን ምን እየነካ ነው? የቅድሙ መርፌ መቼ ተሰጠ? ግንባሯ ላይ ላብ አለ? ይህ ሁሉ ተደማምሮ ነው የሚወሰነው። ግምት የሚለው ቃል ይህን አይገልጸውም።

ማሽኖቹ የመጡት ይህን ንባብ ለማጥራት ነው። ኖል የሚባለው ሜዳሴንስ የተባለ የእስራኤል ኩባንያ የሠራው ነው። እኅትዎ ያሉት ይህ ይመስለኛል። ጣት ላይ ይሰካል። የደም ሥሩን የምት ሞገድ፣ የቆዳውን ላብ፣ ሙቀቱንና እንቅስቃሴውን አንድ ላይ አይቶ ከ0 እስከ 100 ቁጥር ያወጣል። ከ10 እስከ 25 ይፈለጋል። ከ25 አልፎ ከቆየ ማስታገሻው አንሶ ይሆናል። አኒ የሚባለው ከፈረንሳይዋ ሊል ከተማ የመጣ ነው። ልብ ከትንፋሽ ጋር እንዴት ፈጠን ዘግየት እንደሚል በኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ በሚያነበው መሣሪያ) ይከታተላል። የእሱ አቆጣጠር ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ከፍ ሲል ጥሩ ነው፣ ከ50 እስከ 70 ይፈለጋል። ኤስፒአይ የሚባለው ደግሞ ኦክስጅን የምንለካበትን ያንኑ የጣት ክሊፕ ሞገድ ይጠቀማል። የዓይን ብሌንን ስፋት የሚለኩም አሉ።

አንዳቸውም ሕመምን አይለኩም። የሚለኩት የሰውነትን ቁጣ ነው። ሰውነት ደግሞ በሌላ ምክንያትም ይቆጣል።

ጥቅማቸው ምንድን ነው? ማስታገሻ ሲያንስ የሚሆነውን ነግሬዎታለሁ። ሲበዛም መዘዝ አለው። ከኦፕራሲዮን በኋላ ትንፋሽ ይዘገያል፣ ያስታውካል፣ ያሳክካል፣ ሆድ ይደርቃል። ሬሚፌንታኒል የሚባለው የፌንታኒል ዘመድ ደግሞ በብዛት ከተሰጠ ከነቁ በኋላ ሕመምን ራሱ ሊያብስ ይችላል። መሐሉን ለማግኘት ነው ትግሉ። በማሽኖቹ ላይ የተሠሩት ጥናቶች ሁሉም አንድ ዓይነት አልተናገሩም። አንዳንዶቹ የማስታገሻው መጠን ወይም ከነቁ በኋላ ያለው ሕመም ቀነሰ ብለዋል፣ ሌሎቹ ልዩነት አላገኙም። እኔን ከጠየቁኝ ረዥምና ከባድ ኦፕራሲዮን ላይ፣ ወይም አቅም ያጣ አዛውንት ሲሆን ቢኖር ደስ ይለኛል። ለሐሞት ከረጢት ግን ማሽን ፍለጋ ሆስፒታል አልቀይርም።

አሁን ወደ አቴኖሎሉ ልምጣ። በደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ በላይ ያስቆመኝ እሱ ነው። አቴኖሎል ልብ እንዳይፈጥን ይይዛል። የእናትዎ ሰውነት ቢቆጣም ምታቸው 65 ላይ ቁጭ ሊል ይችላል። እኛ በምት ፍጥነት ስንፈርድ ያታልለናል፤ ማሽኖቹም አብዛኞቹ ከምት ስለሚነሱ ሊታለሉ ይችላሉ። ምቱ የተዛባ ወይም የልብ ማስመቻ የተገጠመለት ሰውም ላይ እንዲሁ ነው። ባለሙያው ካወቀ ችግር የለውም፤ ከምቱ ይልቅ ግፊቱን፣ ላቡን፣ የዓይን ብሌኑን ያያል። ስለዚህ የመድኃኒቶቹን ፓኬት ይዘው ይሂዱና ለማደንዘዣ ባለሙያው ራሱ ያሳዩት። ለካርድ ክፍል መንገር አይበቃም።

አቴኖሎልን በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በኦፕራሲዮኑ ዕለት ጠዋትም በትንሽ ውኃ ይዋጣል። ኢናላፕሪልን ግን ማደንዘዣ ሲጀመር ግፊትን በጣም ስለሚያወርድ በዋዜማው ወይም በዕለቱ እንዲተው የሚያዝዙ ብዙ ናቸው። ሁለቱንም በራሳችሁ አትወስኑ፣ ቀድማችሁ ጠይቁ። እናትዎ ሌሊት በጣም የሚያንኮራፉ ከሆነ፣ ለሕመም ትራማዶል ሲወስዱ ከቆዩ፣ ወይም ከዚህ በፊት ከኦፕራሲዮን በኋላ ክፉኛ አስታውኳቸው ከነበረ ይህንንም ይናገሩ። የፌንታኒሉን ልክ ይቀይረዋል። (ጫት የሚቅም ዘመድ ያላችሁ አንባቢዎችም ይህን ስሙ፤ ጫትም ልብ ያፈጥናልና አትደብቁን። ለፖሊስ አንነግርም።)

ሆስፒታሉን የሚጠይቁት ደግሞ ይህን ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከራስጌያቸው የማይነሳ ባለሙያ አለ? ኢሲጂ፣ ግፊት፣ ኦክስጅን፣ ከትንፋሽ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካ ሞኒተር አለ? ለሕመሙ ከፌንታኒል ሌላ ምን ታስቧል? ፓራሲታሞል ቀድሞ መስጠትና በካሜራው ቀዳዳዎች ዙሪያ ቦታውን ብቻ የሚያደነዝዘውን ቡፒቫኬይን መውጋት ርካሽ ነገሮች ናቸው፤ እንደ ፌንታኒል ያሉ የሞርፊን ዘመዶችን ፍላጎት ይቀንሳሉ። ዲክሎፌናክ የሚባለው ማስታገሻም ይረዳል። ግን ኢናላፕሪል ለሚወስድ ሰው ኩላሊቱ ይታያል፤ ጨጓራ ካለባቸውም ይንገሩ።

ከነቁ በኋላ ትከሻቸውን ሊያማቸው ይችላል። ሆዳቸው ተቀዶ ትከሻ ሲሉ እንዳትደነግጡ። ጋዙ ድያፍራምን (ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ) ሲያስቆጣው ነርቩ ስሜቱን ወደ ትከሻ ይልካል፤ ብዙውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ይለቃል። ደረት ላይ የሚጫን ሕመም ወይም ትንፋሽ ማጠር ካለ ግን ወዲያው ነርስ ይጠራ።

እዚህ ላይ የእርስዎ ሥራ ይጀምራል። ነርሷ መጥታ «እንዴት ነዎት እማማ?» ስትል የእኛ እናቶች መልስ ይታወቃል፤ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን»። ፊታቸው ግን ተጨማድዷል። ያስቸገሩ ይመስላቸዋል፣ ይሉኝታ ነው። ስለዚህ «ደህና ነሽ?» ብለው አይጠይቋቸው። «ስታስዪ ያምሻል? ወደ ጎን ስትዞሪስ? ከአስር ስንት ትሰጪዋለሽ?» ይበሏቸው። በረዥሙ መተንፈስና ማሳል ካልቻሉ ሳንባቸው ላይ ችግር ሊመጣ ስለሚችል፣ መልሱ ከአስር አራት ካለፈ ነርሷን ጠርተው ማስታገሻ ይጠይቁላቸው።