መስኮት መስኮቱን እያየች የረዘመች ክራሱላ

ጥያቄ፦ የምኖረው ደሴ ነው። ሳሎን ያስቀመጥኳት ወፍራም ቅጠል ያላት ክራሱላ በጣም ረዝማ ወደ መስኮቱ ተንጋዳለች፤ የታች ቅጠሎቿም ረግፈዋል። ውሃ ብጨምርላት አልተሻላትም። ልቁረጣት ወይ? ኮምቦልቻ ላለችው ልጄም ላካፍላት አስቤያለሁ።

መልስ፦ አዎ፣ ይቁረጧት። ውሃውን ግን ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ። ተክልዎ ውሃ አልጠማትም፤ ያጣችው ብርሃን ነው። ብርሃን ሲያንሳት ግንዷ ይቀጥናል፣ ቅጠሎቿ ይራራቃሉ፣ መጨረሻ ላይ ራሷን መሸከም ያቅታታል። ውሃ የምታጠራቅመው በቅጠሏና በግንዷ ስለሆነ ጥላ ውስጥ ደጋግመው ሲያጠጧት ሥሯ ይበሰብሳል። እስቲ የግንዷን ሥር በጣትዎ ጫን ይበሉት። ጠንካራ ከሆነ ደህና ነች፤ ከለሰለሰና ከጠቆረ ግን ያልበሰበሰ ንጹሕ ግንድ እስኪያገኙ ድረስ ከታች ወደ ላይ ትንሽ ትንሽ እያደረጉ ይቁረጡ።

ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ በአልኮል በተወለወለ ስለታም ቢላ ከቁመቷ እስከ ግማሽ ድረስ ያሳጥሯት። ግንዱ ላይ ቅጠል የረገፈበት ቀለበት መሳይ ምልክት አለ፤ ከእሱ ትንሽ ከፍ አድርገው ነው የሚቆርጡት። አዲሱ ቀንበጥ የሚወጣው ከዚያ ነው።

አሁን የምለውን በደንብ ያዙልኝ፤ ብዙ ሰው ተክሉን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። ጽጌረዳ ስንተክል ቆርጠን ወዲያው እርጥብ አፈር ላይ እንሰካለን። ክራሱላ እንዲህ ከተደረገች ትበሰብሳለች። 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያላቸውን ቁራጮች የታች ቅጠላቸውን ያራግፉና ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ቦታ ያስቀምጧቸው። ቁስሉ ደርቆ ቅርፊት እስኪይዝ ከ5 እስከ 7 ቀን ይፈጃል፤ ደሴን ጉም ሲያለብሳት ደግሞ ከዚያም ይዘገያል። ከዚያ ግማሽ የታጠበ የወንዝ አሸዋ፣ ግማሽ ለም አፈር ቀላቅለው ይትከሉ። ዋልካ አፈር አይሆንም። የቀለም ጣሳም ቢሆን ይበቃል፣ ብቻ ታቹ የተበሳ ይሁን። ከተከሉ ከሳምንት በኋላ ጥቂት ያጠጧት፤ ቀጥሎ የሚያጠጡት አፈሩ እስከ ታች ሲደርቅ ብቻ ነው። ሥር ለመያዝ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይበቃታል።

ቁራጮቹ የተወሰዱባትን እናት ተክል ደግሞ ወደ ብርሃን ያውጧት፤ በአንድ ጊዜ ግን አይሁን። የደሴ ከፍታ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነ ፀሐዩ ኃይለኛ ነው፤ ጥላ የለመደን ቅጠል በአንድ ቀን ያቃጥለዋል፣ ጠባሳውም አይለቅም። በጠዋት ፀሐይ ለአንድ ሰዓት ያህል በማቆየት ይጀምሩና በ2 ወይም በ3 ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ይጨምሩላት። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱን ቤት ትደር፤ ውርጭ ከነካት ቅጠሏ ውሃ ሆኖ ይፈሳል።

ለልጅዎ የሚልኩት ቁራጭ ቅርፊት ከያዘ በኋላ ያለ አፈር፣ ያለ ውሃ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይሂድ። በላስቲክ አይጠቅልሉት፤ ያልበዋል። ኮምቦልቻ ከደሴ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለሚልና ስለሚሞቅ እዚያ ሥር ቶሎ ይይዛል፤ አፈሩም ቶሎ ይደርቃል። ስለዚህ ልጅዎ ከእርስዎ ትንሽ ቀደም እያለች ታጠጣ፣ የቀትሩን ፀሐይም በመጋረጃ ትከልልላት።