በሩን የከፈተው ተሳፋሪው ቢሆንስ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ቃሊቲ ብየዳ ቤት እሠራለሁ። የታክሲ ሰልፍ ስለሰለቸኝ በብስክሌት ነበር የምመላለሰው። የዛሬ 14 ወር ጠዋት ከፊቴ በስልክ የሚጠራ ታክሲ ከመንገዱ ጠርዝ ራቅ ብሎ ቆመ። በቀኙ ላልፍ ስል ጋቢና የተቀመጠው ተሳፋሪ በሩን በረገደው። የቀኝ እጄ አንጓ ተሰበረ። ተሳፋሪው ሄደ። ሹፌሩ ክሊኒክ አድርሶኝ 4 ሺህ ብር በቴሌብር ላከልኝና «ተስማምተናል» የሚል ወረቀት ላይ በግራ እጄ አስፈረመኝ። ትራፊክ ፖሊስ አልተጠራም። እጄ ዛሬም የብየዳ ፒንሳ ለረጅም ሰዓት አይዝም። ሹፌሩን ሳነጋግረው «በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ እንዴ? ተሳፋሪውን ፈልግ» ይለኛል። ማንን ልክሰስ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ በቅድሚያ ለደረሰብዎ ጉዳት አዝናለሁ። በእጁ ለሚያድር ሰው የእጅ አንጓ ምን ማለት እንደሆነ ይገባኛል።

ተሳፋሪውን ፍለጋ አይንከራተቱ። የመኪናውን ባለቤት ይክሰሱ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 የባለ ሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። መኪናውን ይዞት የነበረው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ ባለቤቱ አይድንም። የሚድነው መኪናው በጊዜው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው። «ጥፋት የለብኝም» ማለት እዚህ ቦታ አይሠራም። ሕጉ ጥፋትን አይጠይቅማ! ሹፌሩ የመኪናው ባለቤት ላይሆን ይችላል። በብዙዎቹ ታክሲዎች አይደለም። ስለዚህ በታርጋው ቁጥር ሊብሬው በማን ስም እንደሆነ ያጣሩ።

ተከራካሪዎ «መኪናው ቆሞ ነበር፣ ያደረሰው ሰው እንጂ መኪና አይደለም» ማለቱ አይቀርም። በእኔ እምነት ይህ ክርክር ደካማ ነው። በር የመኪና አካል ነው። ሰው ማውረድም የታክሲ ሥራው ነው። ቢሆንም በአንድ እግር አይቁሙ። ሹፌሩንም በጥፋት (ቁጥር 2028) አብረው ይክሰሱት። ጠርዙን ሳይጠጋ መቆሙ፣ ተሳፋሪው ከኋላ የሚመጣ እንዳለ ሳያይ ሲከፍት ዝም ማለቱ ጥፋት ነው። ለአንድ ጉዳት ኃላፊ የሆኑ ሰዎች በአንድነትና በነጠላ ይጠየቃሉ። ከአንዱ ሙሉውን ማስከፈል ይችላሉ። ክፍያውን እርስ በርስ ይተሳሰቡበት።

የሚያሰጋኝ ሌላ ነው፤ በቀኝ በኩል ማለፍዎ። ባለቤቱ በሕጉ ከኃላፊነት የሚያመልጥበት ሌላው መንገድ ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በተጎጂው ጥፋት የደረሰ መሆኑን ማስረዳት ነው (ቁጥር 2086)። ስለዚህ ፍጥነትዎን፣ ፍሬንዎ መሥራቱን፣ መኪናው ከጠርዙ ምን ያህል ርቆ እንደነበር የሚናገር ምስክር ያስፈልግዎታል። በዚያ ሰዓት ሱቁን ከፍቶ የነበረ ሰው፣ ጠዋት ጠዋት እዚያ የምትቀመጥ ቡና አፍይ፣ ማንም ቢሆን ስሙን ዛሬውኑ ይያዙ።

የፖሊስ ፕላን (ትራፊክ ፖሊስ የሚነሳው የአደጋው ንድፍ) አለመኖሩ ጉዳዩን ያከብደዋል እንጂ አይገድለውም። የክሊኒኩ ካርድ ቀኑንና የጉዳቱን ዓይነት ይናገራል። ደግሞ ያንን 4 ሺህ ብር አይናቁት። ሹፌሩ በዚያች ቀን ለእርስዎ ገንዘብ መላኩ በቴሌብር ተመዝግቧል። «ሰውየውን አላውቀውም» እንዳይል ይይዘዋል። የጉዞው መዝገብ ደግሞ ታክሲውን የሚያገናኘው ድርጅት ዘንድ አለ። ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርበው ያመልክቱ። ተሳፋሪውም የሚታወቀው በዚያ ነው።

ካሳውን በተመለከተ፣ የሕክምና ወጪ፣ የቆመብዎት ደመወዝና የተጣመመው ብስክሌት በደረሰኝና በአሠሪዎ ደብዳቤ ይረጋገጣል። ወደፊት የሚቀርብዎት ገቢም፣ መድረሱ እርግጠኛ ከሆነ፣ ጊዜው እስኪደርስ ሳይጠበቅ ይጠየቃል። ለዚህ የሐኪም ቦርድ ማስረጃ ያስፈልጋል። የሕሊና ካሳ (ለሥቃይና ለሐዘን የሚከፈለው) ግን ከ1,000 ብር አይበልጥም። ከ60 ዓመት በላይ ያልተነካ ጣሪያ ነው፤ ደንበኞቼን ይህን ስነግራቸው ሁልጊዜ አፍራለሁ። መኪናው የግድ የሶስተኛ ወገን መድን ስላለው መድን ድርጅቱንም ወደ ክሱ ያስገቡት። ለዳኝነት የሚከፍሉት ከሌለዎት በደሃ ደንብ መክሰስ እንደሚፈቀድልዎ አይርሱ።

በቸልተኝነት አካል ማጉደል ወንጀልም ነው (የወንጀል ሕግ ቁጥር 559)። የካሳው ክስ ግን እሱን አይጠብቅም። በወንጀሉ ነፃ መባልም የካሳውን ፍርድ ቤት አያስረውም። የሚያሰጋዎ ይርጋው (ክስ የማቅረቢያው የጊዜ ገደብ) ነው፤ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን አንስቶ ሁለት ዓመት (ቁጥር 2143)። 14ቱ ወር አልፏል። 10 ወር ቀርቶዎታል። «እስቲ ትንሽ ልያቸው» እያሉ የሚከርሙበት ጊዜ አይደለም።

አሁን ለሹፌሮችና ለተሳፋሪዎች አንድ ነገር ልበል። የሕግ ሰው ብሆንም እንዲህ ያለ መዝገብ ጭራሽ ባልከፍት እወዳለሁ። እ.ኤ.አ. የ1968ቱ የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነት አንቀጽ 24 በግልጽ ይከለክላል፤ ሌላውን መንገደኛ እንደማይጎዳ ሳያረጋግጡ በር መክፈት፣ ክፍት መተው፣ መውረድም አይቻልም። ሆላንዶች የለመዱት ዘዴ ደግሞ ሳንቲም አያስወጣም። በሩን ቅርብ ባለው ሳይሆን ራቅ ባለው እጅ መክፈት ነው። ሹፌር ከሆኑ በቀኝ እጅዎ፣ ጋቢና በቀኝ ከተቀመጡ በግራ እጅዎ። ይሞክሩት። ክንድዎ ደረትዎን አቋርጦ እጀታውን ሲይዝ ትከሻዎ በራሱ ይዞራል፤ ዓይንዎ ስፖኪዮው ላይ፣ ከዚያም ከኋላ በሚመጣው ሰው ላይ ያርፋል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 በመንገድ መመሪያዋ ውስጥ አስገብታዋለች።

በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌት በአንድ ሰከንድ 5 ሜትር ተኩል ይጓዛል። በሩ ሲበረገድ ፍሬን የሚይዝበት ጊዜ የለውም። ስለዚህ የታክሲ ሹፌሮች፣ እባካችሁ ጠርዙን ጠግታችሁ ቁሙ፤ «ቆይ፣ ልይልህ» በሉት ተሳፋሪውን። ብስክሌት ነጂዎችም ከቆመ መኪና አንድ በር ያህል፣ ቢያንስ አንድ ሜትር ራቁ። በቆመ ታክሲና በጠርዙ መካከል አትግቡ።

ወደ እርስዎ ልመለስ። በግራ እጅዎ የፈረሙት ወረቀት የሁሉም ቁልፍ ነው። እርቅ በተስማሙት ሰዎች መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። ነገር ግን መብትን የመተው ቃል በጠባቡ ነው የሚተረጎመው። «ለዕለቱ ሕክምና 4 ሺህ ብር ተቀብያለሁ» ካለ መንገዱ ክፍት ነው። «ከእንግዲህ ማናቸውም ጥያቄ የለኝም» ካለ ደግሞ አስቀድመን ወረቀቱን መታገል አለብን፤ አጥንትዎ በተሰበረበት ሰዓት የጉዳቱን ልክ ሳያውቁ መፈረምዎን ይዘን። ቅጂው እጅዎ ላይ ከሌለ ከሹፌሩ በስልክ ፎቶ ይጠይቁ። እንዳለ፣ አንድም ቃል ሳይቀር፣ ይላኩልኝ።