ለእናትዎ የጉልበት ሕመም ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ስለ መደረብ

ጤና ይስጥልኝ። ሰበታ የሚኖሩት እናትዎ ለጉልበት አርትራይተስ 50 ሚሊግራም ዲክሎፌናክ በቀን ሦስት ጊዜ እየወሰዱ፣ ሕመሙ ሲብስባቸው አይቡፕሮፌን ቢጨምሩ ይጎዳቸው እንደሆነ ጠይቀዋል። አዎ፣ ይጎዳቸዋል። ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ መንገድ ስለሆነ ሲደራረቡ ማስታገሱ እምብዛም ሳይጨምር በጨጓራና በኩላሊት ላይ ያለው አደጋ ይከፋል፤ 150 ሚሊግራሙ ብቻውን የቀኑ ጣሪያ ነው።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን በጥያቄዎ መጨረሻ ላይ የጠቀሱት የደም ግፊት መድኃኒት ነው። ኢናላፕሪል የተባለውን የግፊት መድኃኒትና የሚያሸና ኪኒን የሚወስድ ሰው ዲክሎፌናክ ሲጨመርበት ኩላሊቱ በድንገት ሊጎዳ፣ ግፊቱም ሊያሻቅብ ይችላልና፣ የሁሉንም ኪኒኖች ማሸጊያ በፌስታል ይዘው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዷቸው፤ የኩላሊት ምርመራም እንዲታዘዝላቸው ይጠይቁ። የግፊቱን መድኃኒት ግን በራሳቸው እንዳያቋርጡ። ሐኪም እስኪያያቸው ዲክሎፌናኩን መውሰድ ትተው፣ የጉበት ችግር ከሌለባቸው ፓራሲታሞል ቢወስዱ ይሻላል።

የእኔም እናት በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ ዲክሎፌናክ በውኃ ብቻ ይውጡ ነበር፤ አንድ ቀን ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ሲያዩ ቡናው ነው ብለው ዝም አሉ፤ ለካ ጨጓራቸው እየደማ ነበር። እንዲህ ያለ ምልክት ወይም ደም የቀላቀለ ትውከት ካዩ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ያድርሷቸው።

ሐኪሙ ዲክሎፌናኩ ይቀጥል ካለ ከምግብ በኋላ ይውሰዱት፤ ምግብ ብቻውን ጨጓራን ስለማይጠብቅ የጨጓራ አሲድን የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል ያስፈልጋቸው እንደሆነ፣ እንዲሁም ወደ ደም የሚገባው መጠን አነስተኛ የሆነው የዲክሎፌናክ ቅባት ይበቃቸው እንደሆነ ይጠይቁልኝ።