የጸሐፌ ተውኔቱ ሕይወት በክፍል ውስጥ፦ የመምህራን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከመምህራን የደረሱኝ ጥያቄዎች በአብዛኛው አንድ ጉዳይ ላይ ያረፉ ናቸው፦ የሎሬት ፀጋዬ ገብረመድኅንን ሕይወት የሚተርክ ዘጋቢ ፊልም ለተማሪ ማሳየት። ጥያቄዎቹን አሳጥሬ አቅርቤያቸዋለሁ። አቋሜን ግን አስቀድሜ ልናገር። ፊልሙ ተማሪውን ወደ ተውኔቱ ካልመለሰው ክፍለ ጊዜው ባክኗል ብዬ አምናለሁ። መልሶቼም ከዚሁ የሚነሱ ናቸው።

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል የአማርኛ መምህር ነኝ። ያገኘሁት ፊልም ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ የእኔ ክፍለ ጊዜ ደግሞ 40 ደቂቃ ነው። ለሁለት ከፍዬ ላሳየው? (ከደብረ ብርሃን)

ሙሉውን አያሳዩት። ተማሪ አንድ ሰዓት ሙሉ ዝም ብሎ ተቀምጦ ያየው ፊልም ውሎ ሳያድር ይጠፋበታል፤ የሚቀርለት የዋሽንቱ ዜማና የቀብሩ ሥነ ሥርዓት ብቻ ነው። አስቀድመው ፊልሙን ለብቻዎ ይዩትና አሥር፣ ቢበዛ አሥራ ሁለት ደቂቃ ይምረጡ። ሲመርጡ ፀጋዬ ራሱ የሚናገርበትን ወይም የሚያነብበትን፣ ከእሱ ጋር የሠሩ ተዋንያን ስለ ልምምዱ የሚመሰክሩበትን፣ ከመድረክ የተቀረጸ ምስል ካለ ደግሞ እሱን ያስቀድሙ። የሽልማት ዝርዝሩን ይዝለሉት። በ29 ዓመቱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት መቀበሉን በአንድ ዓረፍተ ነገር መንገር ይቻላል፤ ለዚህ ፊልም አያስፈልግም።

ከዚህም የሚበልጠው ቅደም ተከተሉ ነው። ተውኔቱ ይቅደም። በመጀመሪያው ቀን አንድ ትዕይንት ድምፅ አውጥተው ያንብቡ፤ ተማሪዎች ገጸ ባሕርያቱን ተከፋፍለው፣ ተሳስተውም ቢሆን ያንብቡት። በሁለተኛው ቀን የመረጡትን ቁራጭ ያሳዩ። በሦስተኛው ቀን ወደዚያው ትዕይንት ይመለሱና ዳግም ያንብቡት። ለምሳሌ ፊልሙ ፀጋዬ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በነፃ ትምህርት ዕድል ወደ አውሮፓ ሄዶ በለንደኑ ሮያል ኮርትና በፓሪሱ ኮሜዲ ፍራንሴዝ ቲያትር ማጥናቱን ካነሳ፣ ያንን ክፍል በአማርኛ ከተረጎመው «ሐምሌት» ከተወሰደ አንድ ገጽ ጋር ያጣምሩት። ተማሪው «ከዚያ ምን ይዞ መጣ? እዚህ ካገኘው ቋንቋስ ጋር እንዴት አዋሐደው?» ብሎ መጠየቅ ከጀመረ ሥራዎ ሰምሯል። ፊልሙን መጀመሪያ ካሳዩ ግን ተማሪው ተውኔቱን የሚያነበው በተራኪው ዓይን ነው፤ የራሱን ንባብ ሳይጀምር ሌላ ሰው ጨርሶለት ያገኘዋል።

ጥያቄ፦ እኛ ጋ መብራት በሳምንት ሁለት ቀን ቢኖር ነው። ፕሮጀክተር የለንም፤ በክፍሌ ያሉት ተማሪዎች ደግሞ 70 ናቸው። ይህ ሁሉ ምክር ለከተማ ትምህርት ቤት ብቻ አይደለም ወይ? (ከምዕራብ ጎጃም)

አይደለም። እንዲያውም የእርስዎ ክፍል ከሌላው የተሻለ ነገር ሊያገኝ ይችላል። ፀጋዬ ከሁሉ በፊት የድምፅ ሰው ነው። ግጥሞቹን በራሱ ድምፅ ያነበበባቸው ቅጂዎች ይገኛሉ፤ አንድ ስልክና በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ለ70 ተማሪ ይበቃል። ከፊልሙም ቢሆን ድምፁን ብቻ ማሰማት ይቻላል።

እንዲህ ያድርጉ። ፀጋዬ የጻፈውን፣ አቡነ ጴጥሮስ በመጨረሻዋ ሰዓታቸው የሚናገሩትን መነባንብ ያሰሙ። ከዚያ የመክፈቻውን ሐረግ «አዬ፣ ምነው እመብርሃን» የሚለውን ሰሌዳ ላይ ይጻፉና ተማሪዎች በጣታቸው ዴስክ እየመቱ ቀለሙን እንዲቆጥሩ ይጠይቁ፦ አ፣ ዬ፣ ም፣ ነው፣ እ፣ መ፣ ብር፣ ሃን። ስምንት። ተከታዩን ሐረግም ይቁጠሩት፤ እሱም ስምንት ነው። አሁን ከለመዱት የወል ቤት ግጥም (ከተለመደው የአማርኛ ግጥም ምጣኔ) አንድ ስንኝ አምጥተው ስድስት በስድስት መሆኑን ያሳዩአቸው። ልዩነቱን በጆሯቸውም በጣታቸውም ይሰሙታል። ስምንት በስምንት የሚሄደው ይህ ምጣኔ «የፀጋዬ ቤት» ተብሎ በስሙ የሚጠራው በከንቱ እንዳልሆነ ያኔ ይገባቸዋል። ረዘም ያለው ስንኝ ለተዋናዩ ትንፋሽ መሳቢያና ስሜት ማብረጃ ቦታ ይሰጠዋል፤ ጸሎቱ ወደ ሙግት፣ ሙግቱ ወደ ልመና ሲለወጥ ድምፁ አይጨናነቅም። ሰባ ተማሪ በአንድነት ዴስክ ሲመታ ጎረቤት ክፍል ያለ መምህር ቅር ሊለው ይችላልና አስቀድመው ይንገሩት።

ስለ ሕይወቱ የሚያስፈልገውን ያህል እርስዎ ራስዎ በአምስት ደቂቃ ይተርኩላቸው፦ አምቦ አጠገብ በምትገኘው ቦዳ ተወለደ፤ ገና በልጅነቱ ያዘጋጀው ተውኔት አምቦ ላይ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ታየ፤ በኋላ ዛሬ ብሔራዊ ቲያትር የምንለውን ቤት መራ፤ በደርግ ዘመን ታሰረ፤ በ1990 ዓ.ም. ለኩላሊት ሕክምና ኒውዮርክ ሄዶ የካቲት 18 ቀን 1998 ዓ.ም. እዚያው አረፈ፤ አስከሬኑ አዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አረፈ። ጥሩ ተራኪ መምህር ካለ ተማሪው ፊልም አይናፍቅም።

ጥያቄ፦ ፊልሙን ካሳየኋቸው በኋላ ተማሪዎቼ ተውኔቱ ውስጥ ያለውን ሁሉ «ይህ ፀጋዬ ራሱ ነው» ማለት ጀመሩ። እንዴት ላርማቸው? (ከሐዋሳ)

ይህን ጥያቄ ስላነሱ አመሰግናለሁ፤ ከመጡልኝ ሁሉ ዋናው ይህ ነው። ጥፋቱ የተማሪዎቹ አይደለም። የሕይወት ታሪክ ፊልም በባሕርይው አንድን ክስተት ካንድ ሥራ ጋር እያሰረ ይሄዳል፤ በሁለቱ መካከል ሙዚቃ ያስገባና «ስለዚህ» የሚል ስሜት ይፈጥራል። ተመልካቹም ሳያውቀው ይቀበላል።

እንዲህ ያለው ማሰሪያ እንዴት እንደሚሠራ በገሃድ የሚያሳይ ምሳሌ ልስጥዎ። ፋሺስት ኢጣሊያ አቡነ ጴጥሮስን አዲስ አበባ ላይ የረሸነው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ፀጋዬ የተወለደው ነሐሴ 11 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። አሥራ ዘጠኝ ቀን ብቻ! ሁለቱን ቀኖች ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ይጻፏቸውና ተማሪዎችዎን ዝም ብለው ይመልከቷቸው። ከአፍታ በኋላ አንዱ ተነስቶ «ለዚህ ነው ስለ ጴጥሮስ የጻፈው» ማለቱ አይቀርም። ያኔ ይጠይቁት፦ በዚያ ክረምት የተወለዱ ሌሎች ሕፃናትስ? ለምን እነሱ አልጻፉም? የተወለደበት ቀን ተውኔቱን ጻፈለት ወይስ እሱ አድጎ፣ አንብቦ፣ ሰምቶ፣ አስቦ፣ ከብዙ ታሪክ መካከል ይህን መረጠ?

እኔ የማምነው ሁለተኛውን ነው። ዘመኑ ልቡን ነክቶታል፤ በወረራው ማግስት ያደገ ልጅ ስለ ወረራው ሳይሰማ አላደገም። ሆኖም ከመስማት እስከ መጻፍ ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ ፊልሙ የሚዘለውም እሱን ነው። ፀጋዬ የጻፈው ስለ ጴጥሮስ ብቻ አይደለም። ስለ ቴዎድሮስ ጽፏል፣ ስለ ምኒልክ ጽፏል፣ «የከርሞ ሰው» ላይ የከተማውን ሰው ጣጣ ጽፏል፣ የጀርመናዊውን ጸሐፌ ተውኔት የብሬክትን ሥራ ወስዶ «እናት ዓለም ጠኑ»ን ሠርቷል። ራሱን ብቻ የሚጽፍ ደራሲ ይህን ሁሉ ሰው መሆን አይችልም። ለተማሪዎቹ ይህን ዝርዝር ያሳዩና «እስቲ ከነዚህ የትኛው ነው ፀጋዬ?» ብለው ይጠይቁ። ክርክሩ ለራሱ ይብቃ፤ እርስዎ መልስ ለመስጠት አይቸኩሉ።

ሌላ አንድ መንገድ አለ። አንድ ሁለት ደቂቃ የሚሆን ቁራጭ መጀመሪያ ድምፁን ዘግተው ያሳዩ፤ ተማሪዎች ያዩትን ብቻ ይጻፉ፦ ተራራ፣ መንገድ፣ የቆየ ፎቶግራፍ፣ የሚራመድ ሰው እግር። ቀጥሎ በድምፅ ያሳዩ። ተራኪው «ያን ሌሊት ብቸኝነት ተሰማው» ቢል፣ በምስሉ ላይ ያለው መንገድ ብቻ ነበር። በአንድ ወቅት ይህን ስናደርግ ከኋላ ወንበር የተቀመጠች ልጅ እጇን አውጥታ «ይህን ለተራኪው ማን ነገረው?» አለች። ከዚያ ወዲህ ያ ክፍል የትኛውንም ፊልም በየዋህነት አላየም።

ጥያቄ፦ ፊልሙ የፀጋዬን ማንነት ሲያነሳ ተማሪዎች ተከፋፍለው ተጨቃጨቁ። ርዕሰ መምህሩ «ያንን ክፍል ቁረጡት» አሉኝ። (ከአዲስ አበባ)

አልቆርጠውም ነበር። ተማሪ የተቆረጠውን ነገር ስልኩ ላይ ፈልጎ ያገኘዋል፤ ያኔ አብሮት የሚሆን መምህር የለም። በክፍል ውስጥ ግን እርስዎ አሉ።

ክርክሩ ከመጀመሩ በፊት እውነታው ይቀመጥ። አባቱ ኦሮሞ፣ እናቱ አማራ ናቸው። የአማርኛን ስንኝ በአዲስ ምጣኔ ያስኬደው ይኸው ሰው በእንግሊዝኛ ለጻፈው ተውኔት ርዕስ ያደረገው ኦሮሞዎች የሚሰበሰቡበትን ዛፍ፣ ኦዳን ነው። የአፍሪካ ኅብረት መዝሙር ስንኞችም የእሱ ናቸው። አንዱን ወገን ይዞ ሌላውን መጣል የሚፈልግ ተማሪ ከነዚህ ሥራዎች አንዱን መጣል ሊኖርበት ነው፤ የትኛውን እንደሚጥል ይንገርዎት። እኔ ተማሪዎች ተከራክረው ቢወጡ አልፈራም። የምፈራው አንድም ገጽ ሳያነቡ ተከራክረው ቢወጡ ነው። ስለዚህ ሕግ ያውጡ፦ ስለ ደራሲው የሚናገር ሁሉ ከሥራው ውስጥ ማስረጃ ይዞ ይነሳ። ርዕሰ መምህሩንም ወደዚያ ክፍለ ጊዜ ይጋብዟቸው።

ጥያቄ፦ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ፤ የሼክስፒርን ሕይወት የሚያሳይ ፊልም አለኝ። የእርስዎ ምክር ለእኔም ይሠራል? (ከመቀሌ)

ይበልጥ ይሠራል። ስለ ፀጋዬ የሚመሰክሩ በሕይወት ያሉ ሰዎች አሉ፤ ስለ ሼክስፒር ያለን ግን ወረቀት ብቻ ነው፣ ያውም ጥቂት። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 26 ቀን 1564 ክርስትና ተነሳ፤ በ1585 መንታ ልጆቹ ክርስትና ተነሱ፤ ከዚያ እስከ 1592 ድረስ ያሉት ዓመታት «የጠፉት ዓመታት» ይባላሉ። ፊልሞች እነዚያን ዓመታት ባዶ መተው አይሆንላቸውም፤ አንዴ መምህር፣ አንዴ ከተጓዥ ተዋንያን ጋር የኮበለለ ወጣት ያደርጉታል። ልጁ ሐምኔት በ1596 መሞቱ በሰነድ አለ፤ «ሐምሌት» የተጻፈው ከጥቂት ዓመታት በኋላ መሆኑም ይታወቃል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ድልድይ ግን ግምት ነው። ተማሪዎችዎ ወረቀታቸውን ለሦስት ከፍለው ፊልሙ የሚለውን ሁሉ «ሰነድ ያለው»፣ «የሚገመት»፣ «ለፊልሙ ሲባል የተፈጠረ» እያሉ ይመድቡት። ከአማርኛ መምህሩ ጋር ተነጋግረው የሐምሌትን አንድ ትዕይንት በሁለቱም ቋንቋ ቢያስነብቡ ደግሞ እንዴት ደስ ባለኝ።

ጥያቄ፦ በቨርጂኒያ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆችን አማርኛ አስተምራለሁ። ይሰማሉ፣ ግን ፊደል አይዘልቁም። ፀጋዬ አይከብዳቸውም? (ከአሜሪካ)

ንባቡ ይከብዳቸዋል፤ መስማቱ አይከብዳቸውም። በፊልሙ ውስጥ ካሉት ቦታዎች ለእነሱ የሚቀርባቸው ኒውዮርክ ነው። የመጨረሻ ዓመታቱን ከአገሩ ርቆ፣ ታሞ፣ እነሱ በሚኖሩበት አገር አሳልፏልና ከዚያ ይጀምሩ። አራት ስንኝ በቃል ያስጠኗቸው፤ ትርጉሙን እየጠየቁ ከወላጆቻቸው ይማሩ። ፊደሉን በእነዚያው አራት ስንኞች ያስተምሯቸው፤ በቃሉ የሚያውቀውን ነገር ወረቀት ላይ ያገኘ ልጅ ሆሄውን ቶሎ ይለየዋል።

ጥያቄ፦ ከዩቲዩብ ያወረድኩትን ፊልም በክፍል ማሳየት ሕጉ ይፈቅዳል? (ከባሕር ዳር)

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለማስተማር ተብሎ፣ ለዓላማው በሚያስፈልገው መጠን፣ የሥራውን ባለቤት ስም ጠቅሶ መጠቀምን ያውቃል። አጭር ቁራጭ ማሳየት እዚህ ውስጥ ይወድቃል የሚል እምነት አለኝ። ሙሉውን ገልብጦ በፍላሽ ማደል ግን ሌላ ነገር ነው። የሠሪዎቹን ስም በክፍል ውስጥ ጮክ ብለው ይጥሩ፤ አድራሻቸውን ካገኙ ደግሞ ጽፈው ያስፈቅዱ።

ጥያቄ፦ ፈተና ላይ ምን ልጠይቅ? (ከጅማ)

የተወለደበትን ዓመት አይጠይቁ። ክፍል ውስጥ ያላነበቡትን አንድ አጭር ቃለ ተውኔት ይስጧቸውና እንዲህ ይበሉ፦ «ይህን ሲያነቡ ፊልሙ የረዳዎት የት ላይ ነው? ያሳሳተዎት ወይም ዝም ያለውስ የት ላይ ነው?» ግማሽ ገጽ መልስ ይበቃል። ከአሥሩ ነጥብ አራቱን ግን ቃለ ተውኔቱን ቆሞ ድምፅ አውጥቶ ለማንበብ ያስቀምጡ።