ሕገ መንግሥትን በጠባቡ ወይስ በሰፊው? ሕግ ለምታነቡ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

«ንባብ ይገድላል፣ ትርጓሜ ያድናል» የሚለው የአብነት ትምህርት ቤት አባባል በሕግ ክርክር ውስጥ ሲጠቀስ ትሰማላችሁ። አባባሉ ለቅዱሳት መጻሕፍት የተባለ ነው። ሕገ መንግሥት ላይ ግን ንባቡ ራሱ ሰው የሚያድንበት ቦታ አለ፤ ትርጓሜው ሰው የሚያሳስርበት ቦታም አለ። የትኛው የት እንደሆነ እንድትለዩ ነው ይህን የምጽፍላችሁ።

ጠባብ ትርጉም ቃሉን እንደተጻፈ አጥብቆ መያዝ ነው፤ ሰፊው ደግሞ ከዓላማው ጋር አስፍቶ ማንበብ። ሁለቱን አንድ ጊዜ ተመርጦ ዕድሜ ልክ የሚያዝ አቋም አታድርጉት። አንድ ንዑስ አንቀጽ ውስጥ ሁለቱም ሊኖሩ ይችላሉ። የሕገ መንግሥታችንን አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 3 አውጥታችሁ አንብቡ። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት አለው ይላል። ቀጥሎ፣ ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት «አግባብ ባለው ግምት» የሚጠይቀው ጊዜ አይቆጠርም ይላል። 48 ቁጥር ነው፤ አይለጠጥም። «አግባብ ባለው ግምት» ግን ሆን ተብሎ ክፍት የተተወ ሐረግ ነው፤ ከተማ መሐል የተያዘ ሰውና መኪና ከማይደርስበት ቀበሌ የተያዘ ሰው መንገዳቸው እኩል አይደለምና።

ስህተቱ የሚገባው በዚህች ክፍት በር ነው። መርማሪው አልነበረም፣ መዝገቡ አልተጠናቀቀም፣ ቅዳሜና እሑድ ነበር እየተባለ ሁሉም በሐረጉ ሊሾልክ ይሞክራል። ሐረጉ የሚናገረው ግን ስለ መንገድ ብቻ ነው። ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፍርድ ቤቱ አጠገብ የተያዘ ሰው ጊዜው እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይሞላል፤ ተረኛ ችሎት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ከዚህ የምትይዙት መለኪያ፣ መብቱን በሰፊው፣ በመብቱ ላይ የተጣለውን ገደብ ደግሞ በጠባቡ ማንበብ ነው። ይህ የእኔ ምርጫ ብቻ አይደለም። አንቀጽ 13 ንዑስ አንቀጽ 2 የመብቶቹ ምዕራፍ ኢትዮጵያ ከተቀበለቻቸው ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብት ሰነዶች ጋር በተጣጣመ መንገድ እንዲተረጎም ያዝዛል።

ከማንበባችሁ በፊት አንድ ነገር አረጋግጡ፤ የያዛችሁት የአማርኛው ቅጂ ይሁን። በአንቀጽ 106 መሠረት የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው እሱ ነው። በእንግሊዝኛው ቃል ላይ ሙሉ ክርክር ገንብቶ ወደ አማርኛው ሲመለስ መሠረቱ የሚናድበት ሰው ጥቂት አይደለም። ከዚያ እርሳስ ያዙና ቁጥሮቹን፣ «ወይም»ን፣ «እና»ን፣ «ብቻ»ን አስምሩባቸው። እነዚህ ጠባብ ናቸው። እንደ «ክብር» ወይም «አግባብ» ያሉትን ደግሞ ክበቧቸው፤ እነሱ ከዘመኑ ጋር ሊሰፉ ይችላሉ። ካናዳ ውስጥ የ1867ቱ ሕግ ለሴኔት «ብቁ ሰዎች» ይሾማሉ ብሎ ነበር። በ1928 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሴቶች በዚህ ውስጥ አይገቡም አለ፤ በ1929 ለንደን ያለው የይግባኝ አካል ሕገ መንግሥት እንደሚያድግ ዛፍ ነው ብሎ ውሳኔውን ሻረው። «ሰዎች» ክፍት ቃል ስለሆነ ሰፊው ንባብ ትክክል ነበር። ጥያቄው ስለ ሴናተሮች ብዛት ቢሆን ኖሮ ዛፉ አያድግም ነበር።

ቁጥርን ለምን እንደዚህ እናጠብቃለን? አርቃቂው መዝኖ ስለጨረሰው ነው፤ ለተርጓሚ የተረፈ ሚዛን የለም። ቁጥሩ ካልተመቸ በሩ ማሻሻያ ነው። ያ በር ደግሞ ከባድ ነው። በአንቀጽ 105 የመብቶቹን ምዕራፍ ለማሻሻል ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በድምፅ ብልጫ፣ ሁለቱም የፌዴራል ምክር ቤቶች ደግሞ እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መስማማት አለባቸው። በትርጉም ስም የሚደረግ ማሻሻያ ይህን ሁሉ ስምምነት በአንድ ስብሰባ ይዘልለዋል።

የ2012ቱን ጉዳይ በዚህ ዓይን እዩት። አንቀጽ 58 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሥራ ዘመን አምስት ዓመት ነው፣ ከማብቃቱ አንድ ወር በፊትም አዲስ ምርጫ ይጠናቀቃል ይላል። ምርጫው ለነሐሴ 23 ተቀጥሮ ነበር። ምርጫ ቦርድ መጋቢት 22 ቀን በኮሮና ምክንያት በጊዜው ማካሄድ አልችልም አለ። ምክር ቤቱን መበተን፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ፣ ማሻሻያና ትርጉም በአማራጭነት ቀርበው፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሚያዝያ 27 ትርጉም መጠየቅን መረጠ። ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን ያለው ፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰኔ 3 ቀን በሰጠው ውሳኔ የምክር ቤቶቹን ዘመን አራዘመ፤ ምርጫውም ወረርሽኙ የሕዝብ ጤና ሥጋት አለመሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ከ9 እስከ 12 ወር ውስጥ ይካሄድ አለ።

በእኔ እምነት አንቀጽ 58ን ስለ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከሚደነግገው አንቀጽ 93 ጋር አጣምሮ ማንበቡ ስህተት አልነበረም። አንቀጽ 93 ራሱ የሕዝብን ጤንነት አደጋ ላይ የሚጥል በሽታን በስም ይጠራል፤ ሰነዱን እንደ አንድ አካል ማንበብ ደግሞ ግዴታ ነው። ድክመቱ መጨረሻው ላይ ነው። ከ9 እስከ 12 ወር ቁጥር ይመስላል፤ ቆጠራው የሚጀምርበት ቀን ግን አልታወቀም ነበር። መነሻ የሌለው ቁጥር ገደብ አይሆንም። አንቀጽ 93ን ተመልከቱ፤ አዋጁ እስከ ስድስት ወር፣ ከዚያ በየአራት ወሩ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ እየታደሰ ይላል። ሕገ መንግሥቱ ራሱ ሲሰፋ እንዲህ እየለካ ነው፤ ተርጓሚውም ይህንኑ ልኬት መዋስ ይችል ነበር። በዚያ ላይ የወሰነው ምክር ቤት የራሱ ዘመንም ተራዝሞለታል። ተርጓሚው ከትርጉሙ ተጠቃሚ በሆነበት ጉዳይ ንባቡ ከወትሮው የበለጠ መጥበብ አለበት። ምርጫው በመጨረሻ ሰኔ 14 ቀን 2013 ተካሄደ፤ ከዚያ በፊት ግን የትግራይ ክልል ውሳኔውን ሳይቀበል ጳጉሜ 4 ቀን 2012 የራሱን ምርጫ አካሂዶ ነበር። የአንድ ንዑስ አንቀጽ ንባብ ምን ያህል ከባድ ዕዳ እንደሚሸከም ከዚህ ተረዱ፤ ቃል በቀላሉ አትለጥጡ።

አቤቱታ ስትጽፉም ይኸው ነው። የምትጽፉት ጉዳዩን መርምሮ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት የውሳኔ ሐሳብ ለሚያቀርበው፣ 11 አባላት ላሉት ለሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነው። ብዙ አቤቱታ ትርጉም አያስፈልገውም ተብሎ የሚመለሰው በስሙ የሕገ መንግሥት፣ በይዘቱ ግን የማስረጃ ምዘና ይግባኝ ስለሚሆን ነው። መጀመሪያ አንቀጹንና ቃሉን ጻፉ፤ ቀጥሎ ቃሉ ሁለት ንባብ የሚያስተናግድ መሆኑን አሳዩ፤ ከዚያ የምትጠይቁት ንባብ የት ላይ እንደሚቆም በራሳችሁ እጅ አስምሩ። ይህ ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ጉባኤው የውሳኔ ሐሳቡን ከላከ በኋላ ፌዴሬሽን ምክር ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መወሰን አለበት፤ አንቀጽ 83 ነው። 30ም እንደ 48ቱ ቁጥር ነውና ቀኑን መዝግባችሁ ቁጠሩ።