በብርድ የጠወለገ እንጆሪ፦ ከመርጨትህ በፊት አንዱን ቆፍረህ እይ

ወንድሜ፣ «አፈሩ እርጥብ ነው፣ እንጆሪዎቼ ግን በብርዱ እየጠወለጉ ነው፤ ምን ልርጭ?» ብለሃል። ውሃ እየጨመርክላቸው ከሆነ መጀመሪያ እሱን አቁም። እርጥብ አፈር ውስጥ የጠወለገ እንጆሪ አልጠማውም፤ ብዙ ጊዜ ውሃውን የሚስብለት ሥር ወይም የሚያሳልፍለት ግንድ ተበላሽቶ ነው። የምታጠጣው በሽታውን ነው።

1. ከጠወለጉት አንዱን በአካፋ ከነአፈሩ አውጣ። ጎትተህ ከነቀልከው የታመመው ሥር መሬት ውስጥ ይቀርብሃል። አጥበህ ተመልከት፦ ቀጫጭኖቹ ረግፈው ወፍራሞቹ ብቻ እንደ አይጥ ጅራት ከቀሩ፣ አንዱን ከጫፉ ከፍ ብለህ በጥፍርህ ሰንጥቀው። የጤነኛ ሥር ውስጡ ነጭ ነው። ዙሪያው ነጭ ሆኖ የመሐሉ ክር ብቻ ከቀላ ግን ፋይቶፍቶራ የሚባል ሥር አበስባሽ ተውሳክ ገብቶበታል። ይህ ተውሳክ አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ስለሚቆይ፣ እዚያው ቦታ ላይ አዲስ ችግኝ መትከል ገንዘብ መቅበር ነው።

2. ቅጠሉ የሚወጣበትን አጭር ወፍራም ግንድ (ክራውን የሚሉትን) ከላይ እስከ ታች በስለት ሰንጥቅ። ነጭ ከሆነ ደህና ነው። ቀይ ቡናማ ከሆነ ብስባሴ ሊሆን ይችላል፣ ውርጭም ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ ስለሚመሳሰሉ ግንዱን ብቻ አይተህ አትፍረድ። ብስባሴ ብዙ ጊዜ ውሃ ከሚተኛበት ዝቅተኛ ቦታ ይጀምራል። ውርጭ ግን ያልተሸፈነውን መደብ በሙሉ ይመታል፣ ሥሩም መጀመሪያ ላይ ነጭ እንደሆነ ይቆያል። ስለቱን በአልኮል ሳትጠርግ ወደ ሌላ ተክል አትሂድ።

3. ቅጠሉን ገልብጠህ ወደ ብርሃን ያዘው። በቅጠሉ ጅማቶች የታጠሩ፣ ማዕዘን ያላቸው፣ ብርሃን የሚያሳልፉ ትናንሽ ነጠብጣቦች ካየህ ባክቴሪያ ነው፤ ፀረ ፈንገስ አይነካውም። ከላይ የሚረጭ ውሃ ደግሞ ከቅጠል ቅጠል ያዛምተዋል።

የመርጨቱ ጉዳይም እዚህ ላይ ነው። ሻጩ «ለሻጋታ ነው» ብሎ የሚያቀብልህ ለግራጫ ሻጋታ የተሠራ ከሆነ ፋይቶፍቶራን ላይነካው ይችላል፤ ፋይቶፍቶራ እውነተኛ ፈንገስ አይደለማ! ግራጫ ሻጋታም ቢሆን ብርዱን የሚያሳልፈው እዚያው ተክሉ ላይ በደረቁ አሮጌ ቅጠሎች ውስጥ ነው፣ አበባ ሲመጣ ይነሳል። ቅጠሎቹን ለቅሞ ከማሳው ማውጣት ከብዙ ርጭት ይሻላል፤ መደቡ ሥር ከጣልካቸው ግን አልለቀምክም።

መደቡን ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ከፍ አድርገው። ስትተክል የክራውኑ ግማሽ ከአፈር በላይ ይሁን፤ ከተቀበረ ይበሰብሳል፣ ሥሩ ከተጋለጠ ይደርቃል። ውሃ በጠብታ መስኖ፣ ካልሆነም ጠዋት ከሥር። ብርዱ ሲቃረብ ናይትሮጅን አትጨምር፤ ለስላሳ ቅጠል ያወጣና ለውርጭም ለሻጋታም ይጋብዘዋል።

መሬቱ በውርጭ እንደ በረዶ የሚጠጥርበት አካባቢ ከሆንክ ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር የገለባ ጉዝጓዝ አልብስ፣ ግን አትቸኩል። በሞቃት አፈር ላይ የለበሰ ጉዝጓዝ እርጥበት አፍኖ ራሱ ብስባሴ ያመጣል። አፈሩ በ10 ሴንቲሜትር ጥልቀት ለተከታታይ 3 ቀናት 4 ዲግሪ አካባቢ ሲረጋ ነው ጊዜው። ብርዱ ሲላላ ከሥር እየገለጥክ እይ፤ አዲስ ቅጠል ብቅ ማለት ሲጀምር፣ ሳይገረጣብህ ገለባውን ወደ መተላለፊያው ጥረገው።