ሰርተፍኬት አለኝ፣ የሚጠራኝ ግን የለም

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ? በአካውንቲንግ ተመርቄ ወደ ቴክኖሎጂ መግባት ስለፈለግኩ የአምስት ሚሊዮን ኮደሮችን የፕሮግራሚንግና የዳታ ኮርስ ጨርሻለሁ። አብዛኛውን ቀን አራት ኪሎ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ነው የምውለው። ሲቪ ባስገባም ለኢንተርቪው የሚጠራኝ አጣሁ። ሌላ ኮርስ ልጨምር?
(ከስድስት ኪሎ)

መልስ፦ ለጊዜው ይበቃሻል እህቴ፣ አትጨምሪ። በሐምሌ 2016 የተጀመረውን ያንን ስልጠና ብዙ ሰው ወስዶታል፣ ስለዚህ ሰርተፍኬቱ ብቻውን ከሌላው አይለይሽም። የሚለይሽ ሰርተሽ የጨረስሽው ነገር ነው።

የሰፈራችሁ ባለሱቅ ዱቤ የሚመዘግብበት ደብተር አለው አይደል? እሱን በፓይተን (በፕሮግራሚንግ ቋንቋው) ስሪው። ማን ምን ወሰደ፣ መቼ ከፈለ፣ ስንት ቀረበት። ሂሳቡ አያስቸግርሽም፣ እንዲያውም ኮድ ብቻ ከተማረ ሰው የምትበልጪው እዚህ ላይ ነው። የሚያስቸግርሽ ቀኑ ነው። ባለሱቁ ጳጉሜን 3 ብሎ ይጽፋል፤ ፓይተን ግን 13ኛ ወር ስለማያውቅ፣ ወሩ ከ1 እስከ 12 መሆን አለበት ብሎ ቀጥ ይላል። ጥቅምት 30ንም፣ 2ኛ ወር ስለሆነ እንደ ፌብሩዋሪ ቆጥሮት፣ አይቀበልም። ስለዚህ ቀኑን ውስጥ ለውስጥ በፈረንጆቹ አስቀምጪና ለባለሱቁ ስታሳዪ ብቻ ወደኛ ቀይሪው። ዓመቱ ላይ 7 ወይም 8 መቀነስ ብቻ አያዋጣም፣ ጳጉሜን 6 ስትሆን እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ላይ ስለሚውል እሱንም ማስላት አለብሽ። እንዲህ ያለውን ችግር የፈታ ሰው ኢንተርቪው ላይ የሚያወራው አያጣም፣ እኔ በዚህ በጣም አምናለሁ።

መዝገቡን በኤስኪውኤል (በዳታቤዝ ቋንቋው) ያዢው፣ ኮዱን ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጊት ላይ፣ ማለትም የኮድ ለውጦችን መዝግቦ በሚይዘው መሣሪያ። ለውጥ ባስገባሽ ቁጥር «አስተካከልኩ» ብለሽ አትለፊ፤ «ጳጉሜን ሲገባ እንዳይቆም ተደረገ» ብለሽ ጻፊ። የሚቀጥርሽ ሰው አስተሳሰብሽን የሚያየው እዚያ ነው።

እርዳታ መጠየቅም ራሱን የቻለ ችሎታ ነው፣ ብዙ ሰው ግን አይለማመደውም። «እምቢ አለኝ፣ እባካችሁ» ብለሽ ግሩፕ ላይ ብትለጥፊ ማንም ሊረዳሽ አይችልም። ምን ፈልገሽ እንደነበር፣ ምን እንደጻፍሽ፣ የወጣውንም የስህተት መልእክት ሳትቆርጪ ሙሉውን አስቀምጪ። ይህን ስትጽፊ ብዙ ጊዜ መልሱን ራስሽ ታገኚዋለሽ።

የዱቤ ፕሮግራሙ ሲያልቅ ሲቪሽ ላይ ከሰርተፍኬቶቹ በላይ እሱን አድርጊው፣ ከነሊንኩ። የባለሱቁን ደንበኞች ስምና ዕዳ ግን ጊትሃብ ላይ (ኮድ ለሌሎች በሚታይበት ድረ ገጽ) እንዳትጭኚ፤ ጊት የድሮውን ስለሚይዝ በኋላ ብትሰርዢው እንኳ ታሪኩ ውስጥ ይቀራል። ገና ስትጀምሪ በፈጠራ ስሞች ስሪው።